ብርሃንን የፈራሁበት ወራት

ጥቅምት ፲፬

እጅን እንዲጽፍ፣ ልብንም ራሱን እንዲታዘብ አድርጎ የፈጠረ አምላክ ይመስገን። ይህን ደብተር የጀመርሁት ለሰው ልናገረው የማልደፍረው ነገር ስለ ገጠመኝ ነው። ለንስሐ አባቴ መንገር ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን አንደበቴ ላይ ደርሶ ስለሚመለስብኝ፣ አስቀድሜ በወረቀት ላይ መልክ ላስይዘው ብዬ ነው።

ሥራዬ ጠርሙስ ማየት ነው። ፋብሪካችን ለስላሳ መጠጥ ይሞላል። ከየሱቁ የተመለሱት ባዶ ጠርሙሶች በትልቁ ማጠቢያ ታጥበው ሲወጡ፣ በመስመሩ ላይ ተሰልፈው በፊቴ ያልፋሉ። ከኋላቸው ነጭ ብርሃን የሚያወጣ ሰሌዳ ተተክሏል። የተሰነጠቀውን፣ ያልጠራውን፣ ቆርኪ ወይም ስባሪ የቀረበትን በብርሃኑ ለይቼ ከሰልፉ እመዝዛለሁ። ዐይን ስለሚደክም ከሌላው ተመልካች ጋር እየተፈራረቅን እንቀመጣለን። ጸጉሬ የሸበተው እዚያው ሰሌዳ ፊት ነው። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስላደግሁ፣ ዛሬም እሑድ እሑድ በዜማ ስለማገለግል፣ ሠራተኞቹ «የኔታ» ይሉኛል።

ከሰሞኑ ያ ብርሃን ዐይኔ ላይ መቆሙን ትቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ግንባሬን ሰንጥቆ በማጅራቴ ይወጣል። ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲጋጭ የሚወጣው ቅጭልጭልታ፣ እስከ ዛሬ ሳላስተውለው የኖርሁት፣ አንድ በአንድ ጥርሴ ሥር ይተከላል። ዛሬ ከወንበሩ ስነሣ ግድግዳ ይዤ ቆምሁ።

«ምነው የኔታ?» አለኝ ተረኛው።

«ጉልበቴ ነው» አልሁት።

ጉልበቴ ደኅና ነው።

ጥቅምት ፲፮፣ እሑድ

ደወሉ ሲደወል ሁለቱ እጆቼ ሳላዛቸው ወደ ጆሮዬ ሄዱ። አጠገቤ የቆመው ሰው ስላየኝ ጸጉሬን የማስተካክል መሰልሁ። ከዚያ ሻማው መጣ። ሕፃን የማይፈራት አንዲት ትንሽ ነበልባል አንገቴን አስዞረችኝ። ዜማው ሲነሣ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ነፍሴ የምታርፍበት ያ ዜማ ሆዴን አጥወለወለው። መጨረሻውን ሳልጠብቅ ወጥቼ በግቢው ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ቆምሁ።

የንስሐ አባቴ ሲወጡ እዚያው አገኙኝ። «ዛሬ ደግሞ ከውጭ ሆነህ? ራስህን እንደማይገባው ሰው ቆጥረህ ነው? ይህ ትሕትና ነው ወንድሜ፤ እኛም በተማርንበት» አሉኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬንም በትሕትና ቆጠሩልኝ።

የፈራሁት ምን እንደ ሆነ በግልጽ ልጻፈው። ከብርሃን የሚሸሽ ማን እንደ ሆነ፣ በምስጋና ድምፅ የሚሠቃይ ማን እንደ ሆነ፣ ለስንት ልጅ ያስተማርሁ እኔ ነኝ። እርሱ በሰው ላይ ሲያድር በምን በምን እንደሚታወቅ በጣቴ እየቆጠርሁ አስረድቻለሁ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብተሩ የሚያድረው ከትራሴ አጠገብ ነው።

ጥቅምት ፲፯

ኑሮዬን መረመርሁ። ጾሜን አልሻርሁም። ከማንም አልተጣላሁም። የሰው ገንዘብ አልነካሁም። ሕመምም አላውቅም፤ ባለፈው ወር ማጠቢያው አጠገብ እርጥቡ ወለል አዳልጦኝ ማጅራቴን የሳጥን ጠርዝ ከመምታቱ በቀር። እርሱም ምንም አልነበረም፤ ጥቂት ቢጨልምብኝ ወዲያው ተነሥቼ ሥራዬን ጨርሻለሁ። ሰዎቹም ስቀው አለፉ። እንግዲህ ሰበቡ ከሥጋ አይደለም። ከሥጋ ካልሆነ ደግሞ…

ጥቅምት ፲፱

ለእኛ ለተመልካቾች ጆሮ መድፈን ክልክል ነው። የተሰነጠቀ ጠርሙስ ከጓደኛው ሲነካካ ድምፁ ድፍን ይሆናል፤ ዐይን ያመለጠውን ጆሮ ይይዘዋል። «መስመሩን አቁሙ!» የሚል ጩኸት ቢመጣም መስማት አለብን። ይህን እያወቅሁ ዛሬ ጠዋት ከልጄ የስፌት ሣጥን ጥጥ ቆንጥሬ ሁለቱንም ጆሮዬን ደፈንሁ። ቆቤንም እስከ ቅንድቤ አወረድሁት።

ዓለም ራቀ። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ወዲያውም ስለ ምን እንዳመሰገንሁት አስቤ አፈርሁ።

ጫኛችን፣ ከአፉ ወሬ ስለማይለይ «ሬዲዮ» የምንለው፣ ሳጥን ተሸክሞ ሲያልፍ ፊቴ ላይ ጎንበስ አለ። ጥጡን አልፎ የገባው የእርሱ ድምፅ ብቻ ነው። «የኔታ! ቆቡን እንዲህ ያወረዱት መዋጮ እንዳይጠየቁ ነው እንዴ?» ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ራሴን አመመኝ።

ጥቅምት ፳፪

በምሳ ሰዓት። ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው የመለያ ወረቀት መጋዘን። መስኮት የለውም። በሩን ገፋ አድርጌ፣ በስንጥቁ በምትገባ ጭላንጭል እጽፋለሁ። ጨለማው እንዴት ደስ አለኝ!

ይህን ዐረፍተ ነገር ማን ነው የጻፈው? ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ተራዬ ደረሰ።

ጥቅምት ፳፭

ተያዝሁ። ሬዲዮ የመለያ ጥቅል ሊወስድ የመጋዘኑን በር ቢከፍት፣ በጨለማ ውስጥ ፊቴን በእጆቼ ሸፍኜ ተቀምጬ አገኘኝ። ቀና ስል ድንገት የገባው ብርሃን ዐይኔን ወግቶት እንባዬ በጉንጬ ወረደ። ላስረዳው አፌን ከፈትሁ። እርሱ ግን ድምፁን እንደ ሕፃን አስተኚ ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ የኔታ፤ አላወቅኩም። ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ» አለና በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ወጣ። በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሬዲዮ ሳይናገር ሲሄድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጠርቼ እንዲህ አይደለም ልለው ይገባኝ ነበር። ነገር ግን በሩ ሲዘጋ ጨለማው ተመለሰ፤ ጨለማው ስለ ተመለሰም ዝም አልሁ።

ጥቅምት ፳፯

ወሬው ከእኔ ቀድሞ መስመሩን ዞሮ ጨርሷል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውጭ፣ ጥጡን ሳልደፍን፣ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ሰው እንዳያያቸው ተደብቀው ነው አሉ የሚጸልዩት። እንባቸው እንደ ቧንቧ!»

«ዐይናቸውን ከመሬት ያነሣሉ እንዴ? ልብ ብለሽ እዪ።»

«እኔማ ባጠገባቸው ሳልፍ ማስቲካዬን እውጣለሁ።»

በእውነትም አጠገቤ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ሳጥን መወርወራቸውን ትተው ያስቀምጣሉ። ከራሴ በላይ የነበረውን መብራት አንድ ሰው አጥፍቶታል። ሰውን ሁሉ በፉጨት የሚጠራው የፈረቃ አለቃችን እንኳ እኔ ዘንድ ሲደርስ አፉን ሰብስቦ ጠጋ አለ። «የኔታ፣ እኔ ጸሎት አልቃወምም። ብቻ ጠርሙሱን እንዳይባርኩልኝ፤ ይዩልኝ!»

ልክ አለመሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ ራሴ አልፈነዳም። ጻድቅ ነኝ ብዬ በአፌ አልተናገርሁም። ሰው የገመተውን ሁሉ እየዞሩ ማረም ደግሞ ሌላ ትዕቢት ይመስላል። ለማንኛውም ነገ አርመዋለሁ።

ጥቅምት ፴፣ እሑድ

ከቤት ቀረሁ። ለልጄ ጉልበቴን አመካኘሁ፤ ቅባት አምጥታ አሸችልኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋር ናት፤ በስፌት ትተዳደራለች። በዚህ ሰሞን ጠባይዋ እጅግ ለስልሷል። ሳህን ስታስቀምጥ አይሰማም። የስፌት መኪናዋን እኔ ከመግባቴ በፊት ትሸፍነዋለች። የቤታችን አምፖልም ደክሟል፤ የዘንድሮ አምፖል ሠሪዎች ምን ያህል ቢሰንፉ ነው፣ ሦስቱ ክፍል ባንድ ጊዜ ደበዘዘ። ልጄ ምናልባት የምትጠይቀኝ ነገር ይኖራት ይሆናል።

ደወሉ እስከዚህ ይሰማል። ትራስ ደርቤ ጠበቅሁት።

ኅዳር ፪

ማጠቢያው አፍ ላይ ጠርሙስ የምትደረድር ሴት አለች፤ መንታ ስለ ወለደች «የመንታ እናት» እንላታለን። ሳቂታ ናት። ሬዲዮን በአፍ የምትረታው እርሷ ብቻ ናት። ዛሬ ተራዬን ጨርሼ ስነሣ መንገዴ ላይ ቆማ አገኘኋት።

ማጠቢያው በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል፤ ጥጡ በጆሮዬ ነው። ብዙ ተናገረች። ከንፈሯ ሲሄድ አየሁ። ደረቷን ነካች፤ ጣቷን ወደ ላይ አሳየች፤ አለቀሰች። በመጨረሻ ዝም ብላ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

ከሰሞኑ ለሚያነጋግረኝ ሁሉ የምለውን አልኋት። እጄን ትከሻዋ ላይ አሳርፌ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ «ይሁን ልጄ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አልሁ። ፊቷ ወዲያው ተፈታ። እጄን ይዛ ሳመችው።

ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። የልጆቿ ነገር ይመስለኛል። ነገ ጠጋ ብዬ እጠይቃታለሁ።

ኅዳር ፫

አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ትናንት አለመስማቴን ታውቃለች። ከዚያ ጥጡ ይታወቃል። ከጥጡ በኋላ መጋዘኑ፤ ከመጋዘኑ በኋላ ደግሞ ከብርሃን ለምን እንደምሸሽ። ብዕሬ እዚያ ላይ ይቆማል።

ኅዳር ፬

ከሩቅ እጇን አውለበለበችልኝ። ደስ ብሏታል። እንግዲያው ከባድ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ኅዳር ፮

ስባሪ ያለበት ጠርሙስ እኔን አልፎ ሄደ። ማሸጊያው ዘንድ ያለችው ልጅ ባትይዘው ኖሮ ተሞልቶ ይወጣ ነበር። አለቃው ጠርሙሱን ይዞ መጣ፤ ሲያንቀሳቅሰው ስባሪው ከውስጥ ይንጫጫል።

«የኔታ፣ ሕፃን ቢጠጣውስ? ዐይንዎ ከደከመ ይንገሩኝ እንጂ። ጻድቅም ቢሆን መነጽር ያደርጋል!»

«ዐይኔ ደኅና ነው» አልሁት።

ጨፍኜ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደ ጨፈንሁ አላውቅም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ምን እንዳለፈ የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው።

ኅዳር ፯፣ እሑድ

ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ ራሴን ልፈትን ቆረጥሁ። ሻማ አብርቼ ፊቴ አቆምሁ። ጸሎቴን ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርሁ፤ እርሱ በውስጤ ካለ ያስጮኸኝ፣ ከሌለም ይለይልኝ ብዬ። የገዛ ድምፄ ራሴን እንደ መዶሻ ይመታኛል። ነበልባሉ ሁለት ሆነ፤ ከዚያም ዙሪያው ጥቁር ሆነ። እንዳይከደን የዐይኔን ቆብ በጣቴ ያዝሁት። ላቤ አንገቴ ድረስ ወረደ። ጸሎቱን ሳላጋምሰው ወደ በሩ ሮጬ አስታወከኝ።

ልጄ ከደጅ አገኘችኝ። ገብታ ሻማውን አጠፋች፤ ውኃ ሰጠችኝ፤ መጋረጃውን ሳበች። ከዚያም የጉልበቴን ቅባት አምጥታ ያለ ቃል አሸችልኝ።

እንግዲህ ፈተናውን ወደቅሁ። ለሰው እንዴት ይነገራል?

ኅዳር ፱

ሰሌዳው ፊት ነበርሁ። ጠርሙሶቹ ባሉበት ቀጥ አሉ። ጩኸቱን አልሰማሁም፤ የቆመ ጠርሙስ ብቻ አየሁ። ቀና ስል ሰው ሁሉ ወደ ማጠቢያው ይሮጣል። ጥጡን ነቅዬ ጣልሁት፤ ድምፁ እንደ ጎርፍ ገባብኝ።

የመንታ እናት ወለሉ ላይ ወድቃ ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል። ሳጥን እንደ ያዘች ስለ ወደቀች ክንዷ በስባሪ ተተልትሏል። አለቃው ጃኬቱን አውልቆ ከራሷ ሥር አደረገ። «አትያዟት! በጎኗ አድርጓት! ስባሪውን አንሡ!» ይላል። አጠገቧ የምትሠራዋ ሴት ታለቅሳለች።

«መድኃኒቷን ትታዋለች እኮ! ተይ ብያት ነበር!»

«ምን ብላ ተወችው?»

«የኔታ ይሁን ብለውኛል ብላ ነዋ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በቁጣ ቢሆን ኖሮ በቻልሁት ነበር። በአክብሮት ነው ያዩኝ።

በዚያው ቀን፣ ማታ

የሰማሁትን ሁሉ በሥርዓት ላስፍረው። ይህች ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል ሕመም አለባት። በእንክብል አብዛኛውን ጊዜ ተገትቶ ስለ ኖረ ከቅርብ ጓደኛዋ በቀር በሥራ ቦታ የሚያውቅ አልነበረም። አማቷ ግን «ይህ የሐኪም ነገር አይደለም፤ መንፈስ ነው። እምነት ካለሽ እንክብሉን ተይው» እያሉ ሲወተውቷት ከርመዋል። ማንን እንደምታምን ግራ ሲገባት ወደ እኔ መጣች። ማጠቢያው አጠገብ ቆማ ያን ቀን የጠየቀችኝ «መድኃኒቱን ትቼ በጸሎት ብቻ ልሁን ወይ?» ብላ ነው።

እኔም «ይሁን» አልሁ።

አልሰማሁም ብዬ ራሴን ላጽናና ስል የባሰ ሐሳብ መጣብኝ። ሰምቼ ቢሆን ኖሮስ ምን እመልስላት ነበር? የራሴን ሕመም መንፈስ ነው ብዬ ከሐኪምም ከካህንም የደበቅሁ ሰው፣ ለእርሷ ከዚህ የተለየ ምን ቃል ነበረኝ? ይህን ዛሬ አልመልሰውም።

ኅዳር ፲

ማንም አይወቅሰኝም። ሬዲዮ ጠጋ ብሎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የኔታ፣ እምነቷ ትንሽ ጎድሎ ነው ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

ምንም ማለት አቃተኝ።

«ገባኝ» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ምን እንደ ገባው አላውቅም። በሚቀጥለው ፈረቃ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ኅዳር ፲፩

የመንታ እናት ወደ ተኛችበት ሆስፒታል ሄድሁ። ኮሪደሩ ላይ ነጫጭ መብራቶች ተደርድረዋል፤ አንዱ ይርገበገባል። የብረት ጋሪ ይንኳኳል፤ የሆነ ቦታ ሕፃን ይጮኻል። ከክፍሏ በር ሳልደርስ ወለሉ ተነሥቶ የወረደ መሰለኝ። የያዘኝ ባሏ ነው። ስለ ሚስቱ አዝኜ የደከምሁ መስሎት ከውጭ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና «አይዞዎት የኔታ» አለኝ። እኔን!

«ሐኪሙ እንክብሉን ጀምሪ ቢላት እምቢ አለች» አለኝ። «የኔታ ይሁን ብለውኛል፤ የወደቅኩት በልቤ ስለተጠራጠርኩ ነው ትላለች። ሐኪሙ ደግሞ እንዲህ ከደጋገማት በዚያው ልትቀር ትችላለች አለኝ። ልጆቹ ገና ጡት የተዉ ናቸው የኔታ። እኔ ምን ላድርጋቸው?»

«መድኃኒቱን ውሰጂ ብለውሻል በላት» አልሁት።

ሮጦ ገባ። ወደ ቤቴ ስሄድ ሸክሜ የቀለለ መሰለኝ። ቃሌን በቃሌ አነሣሁ፤ ሌላ የሚታወቅ ነገርም የለም።

ኅዳር ፲፪

ባሏ የፋብሪካው በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ እንቅልፍ ሳያይ ያደረ ሰው ፊት ነው።

«አልተቀበለችም። የኔታ አንዴ ይሁን ያሉትን አያጥፉም፤ እምነቴን ሊፈትኑት ነው የላኩህ አለችኝ። ሌሊት ደግሞ ጣላት።»

እንግዲህ በስሜ ላድናት አልችልም። ያጠመዳት ራሱ ስሜ ነው። የኔታ ሰምተው መለሱልኝ ብላ እስካመነች ድረስ የምልከው ሁሉ ፈተና ይሆንባታል። አለመስማቴን በአፌ ካልነገርኋት በቀር መንገድ የለም። ይህን ብነግራት ደግሞ ለምን እንዳልሰማሁ እጠየቃለሁ። ወንበሬ፣ ስሜ፣ እሑድ የምቆምበት ቦታ፣ ሁሉም በአንድ ክር የተያያዘ ነው። ክሩን የምስበው እኔ ነኝ።

ኅዳር ፲፫

ዛሬም አልሄድሁም። ምክንያቱን ልጽፍ «ጉልበቴ» ብዬ ጀመርሁና ሰረዝሁት።

እንዲያው ዛሬ ሌሊት ደግሞ ቢጥላትስ?

ኅዳር ፲፬፣ እሑድ

አገልግሎቱ እስኪያበቃ ከዛፉ ሥር ጠበቅሁ። የንስሐ አባቴ ሲወጡ እግራቸው ሥር ወድቄ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጥጡን፣ መጋዘኑን፣ ሻማውን፣ ሴቲቱን፣ የፈራሁትን የእርሱን ስም ጭምር።

«ጉንፋን ሲይዘኝ እኔም ሻማ ማየት አልችልም» አሉ። «ታዲያ ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ራሴን ከራሴ ላስወጣ? አንተ የታመምህ ሰው ነህ። ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ። ከዚያ በፊት ግን ወደ እርሷ።»

«ፈራሁ አባታችን።»

«ፍራ። እየፈራህ ሂድ።» እጄን ይዘው አነሡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ቆመህ ባየሁህ ጊዜ ምን ሆንህ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ማመስገን ቀለለኝ።»

ማታ ለልጄ ልነግራት ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀደመችኝ። «ከወደቁ ጀምሮ ነው አይደል አባባ?»

«መውደቄን ማን ነገረሽ?»

«ሬዲዮ ነዋ። ለማን ያልነገረው አለ?»

«አምፖሉስ?»

«እኔ ነኝ የቀየርኩት። እስኪነግሩኝ ብዬ ጠበቅኩ። ደኅናውን ጉልበት እያሸሁ!» ሳቋ መጣ፤ ወዲያውም ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «በጣም ነው የፈራሁት አባባ። ማታ ማታ መተንፈስዎን አዳምጣለሁ።»

የፈራሁ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ፲፭

ጠዋት ለአለቃው ነገርሁት። በረጅሙ ሊያፏጭ ከንፈሩን አሹሎ ተወው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ስንት ጠርሙስ…» ብሎ አልጨረሰም። ሰሌዳው ፊት ሁለተኛ አልቀመጥም። ሌላ ቦታ ይገኝልኝ እንደ ሆነ ገና አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ክንዴን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ወሰደችኝ። የታማሚዋ ባል ከእግርጌ፣ አማቷ ከራስጌ ተቀምጠዋል። የመንታ እናት ክንዷ እስከ ትከሻዋ ተጠቅልሏል፤ አንድ ዐይኗ ሥር በልዟል። ስታየኝ ልትነሣ ሞከረች።

«የኔታ! መጡልኝ!»

«ልጄ፣ ያን ቀን ያልሽኝን አልሰማሁም።»

ፈገግ አለች። «ይፈትኑኛል አይደል?»

«አልፈትንሽም። ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ነበር። ድምፅ ያመኛል፤ ብርሃን ያመኛል። መጋዘን የምቀመጠው ከመብራት ተደብቄ እንጂ ስጸልይ አልነበረም። እንባዬም የዐይኔ ሕመም ነው። ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ይሁን ያልሁሽ እንድትሄጂልኝ ነው።»

«ኧረ የኔታ» አሉ አማቷ፣ «ራስዎን እንዲህ ዝቅ አያድርጉ።»

«እናቴ፣ እባክዎ ይህን እንኳ ትሕትና አያድርጉብኝ።»

ከላይ መብራቱ ዝዝ ይላል። የመንታ እናት አልጋ ልብሱን በደኅናው እጇ ጨበጠችው።

«እኔ እኮ ለዚያ ንግግር እንቅልፍ አጥቼ ነው የመጣሁት» አለች። «ከቤት እስከ ፋብሪካ ቃሉን እየደረደርኩ። ታዲያ ማን ነው የሰማኝ?»

«ማንም።»

ብትሰድበኝ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሰደበችኝም። በአገጯ ወንበሩን አሳየችኝ። «እንግዲያው ይቀመጡ።»

ከመጀመሪያው ጀመረች። በትምህርት ቤት ስትወድቅ ልጆች እንዴት እንደ ሸሿት፤ ከሰርጓ በፊት ለባሏ ለመንገር እንዴት እንደ ፈራች፤ መንታዎቹን ስታረግዝ ሐኪሙ ምን እንዳላት። እንክብሉን በዋጠች ቁጥር እምነቷን የካደች እየመሰላት ስለ ኖረችበት ጊዜ፣ አማቷን ሳታፍር በፊታቸው ተናገረች። እርሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። በኮሪደሩ ጋሪው ያልፋል። መብራቱ ግንባሬን ሰንጥቆ ይገባል። ሁለት ጊዜ ዐይኔ ሊከደን ደረሰ፤ ጠበቀችኝ፤ ስገልጠው ቀጠለች።

ስትጨርስ «ምን አልኩ?» አለችኝ። «ይበሉልኝ።»

ልጆችን እንዲሁ ሳስደግም ኖሬአለሁ። ያጠናኸውን በል እላለሁ፤ የሳተውን ወደ መጀመሪያው እመልሰዋለሁ። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ያለችኝን በተራ ደገምሁላት። ባለፈው ክረምት እቤት ስትወድቅ ትንሿ መንታ አይታት እንደ ነበር ስናገር አቋረጠችኝ።

«አይደለም። ትልቋ ናት ያየችኝ። ትንሿ ተኝታ ነበር።»

«ትልቋ ናት ያየችሽ» አልሁ። «ትንሿ ተኝታ ነበር።»

እስከ መጨረሻው ሄድሁ። በመጨረሻው ላይ ቆምሁ፤ ጥያቄው እዚያ ነበር።

«አሁን ይመልሱልኝ» አለች። «ልተወው ወይስ ልውሰደው?»

«ውሰጂው ልጄ። ሐኪሙ ሕመም ነው ካለ ሕመም ነው። ጸሎቱም ከመድኃኒቱ ጋር ይሁን። ሰምቼ ነው የመለስሁልሽ።»

ባሏ ወጥቶ ነርሷን ጠርቶ ተመለሰ። ነርሷ እንክብሉን በክዳን፣ ውኃውን በብርጭቆ ሰጠቻት። ዋጠችው። ወደ እኔ አላየችም። ብርጭቆውን መልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አልረሳልዎትም የኔታ» አለች። ቆይታ ደግሞ ድምፁ እንዳይጎዳኝ ዝቅ አድርጋ፣ «አሁን ይሂዱ፤ መብራቱ ያምዎታል።»